ደህንነት ለማን? ከይፋት ቆላ የተነሳ የሕግ ጥያቄ

«ደህንነት» ከአማርኛ ቃላት ሁሉ ዕድሉ የጠመመ ቃል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «ደህና ነህ?» ብለን የምንጠያየቅበት፣ «በደህና ግቡ» ብለን መንገደኛ የምንሸኝበት፣ በጎ በጎውን ብቻ የያዘ ቃል ነበር። ዛሬ ግን አንድ ሰው ሻይ ቤት ውስጥ ወደ ባልንጀራው ጠጋ ብሎ «ያ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ደህንነት ነው» ቢለው፣ በጠረጴዛው ዙሪያ የነበረው ጨዋታ ወዲያው ወደ ዝናቡና ወደ ጤፍ ዋጋ ይዞራል። የሰላምታ ቃል የፍርሃት መጠሪያ ሆነ። ለመሆኑ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

አጭሩ መልስ ተቋሙ የሚጠብቀው ማንን እንደሆነ በሕግ የተጻፈውና በተግባር የታየው ስለተለያየ ነው የሚል ነው። ረጅሙን መልስ ግን ቀስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በዛሬው ጽሑፌ ለአንባቢያን ለማስረዳት የምሞክረው፣ በዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ውስጥ የአገር ውስጥ የመረጃ ተቋም ሕገ መንግሥትን እንዴት ሊጠብቅ እንደሚችል፣ በምን ምክንያትም ራሱ ሕገ መንግሥቱን ሊያፈርስ እንደሚችል ነው።

ጥያቄውን ከአዲስ አበባ ቢሮዎች ይልቅ ከይፋት ቆላ ብናነሳው ይበልጥ ይገለጥልናል። የደሴን መንገድ ይዞ የጣርማበርን ዋሻ ያለፈና ከደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ ሰው ብርዱን ከኋላው ጥሎ ቀወት ወረዳ ይገባል። ሸዋሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በማሾዋ፣ በሽንኩርቷና በማሽላዋ የምትታወቅ የቆላ ከተማ ነች። ከእሷ ወደ ሰሜን ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬና ካራቆሬ ይከተላሉ። በሰንበቴ የእሁድ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ እህሉንና ከብቱን ይዞ ይገናኛል። ሕዝቡ ተጋብቷል፣ ተዋልዷል፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ያውቃል።

ይህ አካባቢ ለአንድ የሕግ ሰው ሁለት ነገር ያስተምረዋል። አንደኛው በሸዋሮቢት የሚገኘው የፌዴራል ማረሚያ ቤት ነው። ሁለተኛው በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ የደረሰው እልቂት ነው። በአንደኛው የመንግሥት እጅ ከሚገባው በላይ ረዝሞ ታይቷል። በሁለተኛው ደግሞ እጁ በሚያስፈልግበት ሰዓት አጥሮ ታይቷል። እንደ እኔ አስተያየት የእጁ መርዘምና የእጁ ማጠር የአንድ በሽታ ሁለት ምልክቶች ናቸው።

ማማ ላይ ያለው ሰው

የይፋት ገበሬ ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ማሳው መካከል ማማ ይሠራል። ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ እላዩ ላይ ይወጣና ግሪሳውንና ዝንጀሮውን ከሩቅ ያያል፤ ይጮኻል፤ ወንጭፉን ያስጮኻል። ሥራው ይኸው ነው። ማሽላው የእሱ አይደለም። ማን እንደሚያጭድ፣ ማን እንደሚካፈል አይወስንም። ከማማው ወርዶ የባለማሳውን ጎተራ ልፈትሽ ካለ ግን ጠባቂነቱ ቀረ ማለት ነው።

የመረጃ ተቋም ትክክለኛ ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሕጋዊ መንገድ ሳይሆን በኃይል ወይም በሸፍጥ የሕዝቡን ሥርዓት ለማፍረስ የሚዘጋጅን ኃይል ቀድሞ ማየት፣ ያየውን መዝኖ ለሚመለከተው ማስታወቅ ነው። ፖሊስ በመሠረቱ የሚነሳው ወንጀል ከተፈጸመ ወይም ሊፈጸም ከተቃረበ በኋላ ነው። የመረጃ ተቋም ግን ገና ጭሱ ሳይታይ እሳቱን ያስሳል። ጥቅሙም አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ገና ወንጀል ያልሠራን ሰው መከታተል ማለት ስለሆነ፣ ገደብ ካልተበጀለት መጨረሻው ሐሳብን መከታተል ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የሚጠበቀው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። የሚጠበቀው በሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ ከሆነ ተቃዋሚ ሁሉ ጠላት ነው። የሚጠበቀው ሕገ መንግሥቱ ከሆነ ግን ገዥው ፓርቲ ራሱ ከሚጠረጠሩት ወገን ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ንኡስ አንቀጽ 3 በሕገ መንግሥቱ ከተደነገገው ውጪ በማናቸውም አኳኋን የመንግሥት ሥልጣን መያዝን ሲከለክል ወንበር ላይ ያለውንና ወንበር የሚፈልገውን አልለየም።

ጀርመኖች ከውድቀታቸው የተማሩት

በዚህ ጉዳይ ብዙ የደከሙት ጀርመኖች ናቸው። ሂትለር እ.ኤ.አ. በጥር 1933 የጀርመን መራሔ መንግሥት የሆነው በመፈንቅለ መንግሥት ሳይሆን በሹመት ነበር። የአገሩን ሕገ መንግሥት ከውስጥ ገብቶ በሕግ ስም አፈረሰው። ቀጥሎ የመጣው የምሥጢር ፖሊስ፣ ጌስታፖ፣ ሰላይም መርማሪም አሳሪም ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ምዕራብ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1949 አዲስ ሕገ መንግሥት ሲያወጡ ሁለት ነገር አብረው ማሰብ ነበረባቸው። ዴሞክራሲው ራሱን የሚከላከልበት ዓይን ያስፈልገዋል፤ ያ ዓይን ግን ሌላ ጌስታፖ መሆን የለበትም።

መፍትሔ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመው የፌዴራል ሕገ መንግሥት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ። «የመንግሥት ደህንነት» አላሉትም። መሥሪያ ቤቱ መረጃ ይሰበስባል፣ ይተነትናል፣ በየዓመቱም ለሕዝብ የታተመ ሪፖርት ያወጣል። ማሰር ግን አይችልም። ቤት መፈተሽ፣ ሰው ጠርቶ አስገድዶ መመርመርም አይችልም። የሚታሰር ሰው ካለ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በራሳቸው ማስረጃ፣ በራሳቸው ኃላፊነት፣ በፍርድ ቤት ፊት ያደርጉታል። ስልክና ደብዳቤ መጥለፍ ካስፈለገ ፈቃዱን የሚመረምር ልዩ ኮሚሽን አለ። የተቋሙን ሥራ የሚቆጣጠር የፓርላማ ቡድንም አለ። ስብሰባው ዝግ ነው፤ የተቃዋሚ ፓርቲ አባላት ግን ይቀመጡበታል።

ፓርቲን ማገድ ደግሞ ለመረጃ ተቋሙም ለመንግሥቱም አልተሰጠም። የሚችለው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ በሰባ ዓመት ውስጥ ያገደው ሁለት ፓርቲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የናዚ ወራሽ የነበረውን፣ በ1956 ደግሞ የኮሚኒስቱን ፓርቲ። በ1952ቱ ውሳኔ ላይ ፍርድ ቤቱ የሚጠበቀው መሠረታዊ ሥርዓት ምን ምን እንደሆነ ዘረዘረ። የሰው ልጅ መብት መከበር፣ የሥልጣን ክፍፍል፣ የመንግሥት ተጠያቂነት፣ የዳኞች ነፃነት፣ ከአንድ በላይ ፓርቲ መኖሩና ተቃዋሚ የመሆን መብት ከዝርዝሩ ይገኙበታል። ተቃዋሚነት ከሚጠበቁት ነገሮች አንዱ ነው ማለት ነው!

ጀርመኖች ግን ቅዱሳን አይደሉም። ቦዶ ራሜሎቭ የተባሉት የግራ ክንፍ ፖለቲከኛ ለብዙ ዓመታት ክትትል ሲደረግባቸው ቆይተው ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2013 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ክትትሉ ሕገ ወጥ ነበር ብሎ ፈረደላቸው። በቀጣዩ ዓመት የቱሪንገን ክልል ርእሰ መስተዳድር ሆነው ተመረጡ። በሌላ በኩል አንድ የኒዮ ናዚ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2007 አሥር ሰዎችን ሲገድል፣ አብዛኞቹም የቱርክ ተወላጆች ሲሆኑ፣ የመረጃ ተቋማቱ በአካባቢው ሰላዮች እያሏቸው አልደረሱበትም። ነገሩ በ2011 ሲወጣ በተቋሙ ውስጥ ፋይሎች ተቀዳደው መገኘታቸው ታወቀ፤ የተቋሙም ኃላፊ በ2012 ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

አሜሪካኖችም የፌዴራል የምርመራ ቢሯቸው ማርቲን ሉተር ኪንግን ጭምር ሲሰልል መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1975 የሴኔቱ ኮሚቴ ካጋለጠ በኋላ በ1978 ለክትትል ፈቃድ የሚሰጥ ልዩ ፍርድ ቤት ለማቋቋም ተገደዋል። ቁም ነገሩ ያጠፋ ተቋም አለመኖሩ አይደለም። ጥፋቱ የሚታወቅበት፣ ተበዳዩ አቤት የሚልበት፣ ኃላፊውም ወንበሩን የሚያጣበት በር መኖሩ ነው።

የእኛ ሕግ ምን ይላል?

ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ እኔ የሕግ ተማሪ ነበርኩ። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር አንቀጽ በአንቀጽ እየተከራከርን ስናነበው አብዛኛው ሙግታችን ስለ አንቀጽ 39 ነበር። አንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 7ን ልብ ያለው አልነበረም። ይህ ድንጋጌ የመከላከያ፣ የደህንነትና የፖሊስ ኃይል አደረጃጀትን የመወሰን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል። በዚህም አያበቃም። በእነዚህ ኃይሎች አሠራር የዜጎችን ሰብአዊ መብትና የአገርን ደህንነት የሚነካ ነገር ሲከሰት ምክር ቤቱ እንዲያጣራና አስፈላጊው እርምጃ እንዲወሰድ እንዲያደርግ ያዛል። ንኡስ አንቀጽ 17 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ይሰጠዋል።

አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ ደብዳቤንና ስልክን ይጠብቃል። ገደብ ሊደረግ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ ነው። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዱ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትንና ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል። ይህ የመጨረሻው በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳ አይታገድም፤ አንቀጽ 93 በግልጽ ከሚታገዱት ውጪ አድርጎታል።

ታዲያ ወረቀቱ ይህን ያህል ካለ ምን ጎደለ? የጎደለው በወረቀቱና በሰውየው መካከል ያለው ሰንሰለት ነው። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በአንቀጽ 23 የደህንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት ዘዴ ባይገለጽም በፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆን ፈቀደ። ይህ ማለት ማማ ላይ ያለው ሰው «አይቻለሁ» ካለ በቂ ነው፤ ምን እንዳየ፣ በየት በኩል እንዳየ አይጠየቅም ማለት ነው። ጠበቃ ምን ብሎ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቅ? ወረቀት አይማልም፣ ወረቀት አይጠየቅም። በዚያው አዋጅ ተጠርጣሪ ክስ ሳይመሠረትበት እስከ 4 ወር ሊቆይ ይችል ነበር። የመረጃ ተቋሙ፣ የፖሊሱ፣ የዐቃቤ ሕጉና የማረሚያ ቤቱ ሥራ በአንድ ገመድ የታሰረ ያህል ሆነ። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። በእሱ ምክንያት የጠፋ ዕድሜ ግን በአዋጅ አይተካም።

የተቋሙ ታሪክ በአጭሩ

ይህ ልማድ የመጣው ከሰማይ አይደለም። በደርግ ዘመን በኮሎኔል ተስፋዬ ወልደ ሥላሴ ይመራ የነበረው የሀገርና የሕዝብ ደህንነት ሚኒስቴር ሥርዓቱን እንጂ ሕዝቡን የሚጠብቅ አልነበረም። ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ተቋሙ በ1987 ዓ.ም. የደህንነት፣ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጉዳይ ባለሥልጣን ተብሎ ተቋቋመ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 804 የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት ሆኖ እንደገና ተደራጀ። ስሙ ተለዋወጠ። ኃላፊው አቶ ክንፈ ገብረ መድኅን በግንቦት 1993 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ አቶ ጌታቸው አሰፋ እስከ 2010 ዓ.ም. መሩት። አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ነው። በዚያን ጊዜ ሁሉ ፊታቸውን በቴሌቪዥን ያየ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በፓርላማ ቆመው መንግሥት ዜጎችን ሲያሰቃይ እንደነበረና ይህም ከሕገ መንግሥቱ ውጪ መሆኑን አመኑ። ማዕከላዊ በዚያው ዓመት ተዘግቶ ነበር። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አቶ ብርሃኑ ጸጋዬ በአዲስ አበባ ብቻ ሰባት ስውር እስር ቤቶች መገኘታቸውን ለሕዝብ ተናገሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አንቀጽ 55(7) በሥራ ላይ ከዋለ ያኔ 23 ዓመት አልፎታል። ሰባት ስውር እስር ቤት በአንድ ከተማ ውስጥ ሲኖር የማጣራት ሥልጣን የተሰጠው ምክር ቤት አንድ ቀን እንኳ በር አላንኳኳም። እውነቱን የነገረን ራሱ አስፈጻሚው ነው፣ ያውም የፖለቲካው ነፋስ ሲዞር። አስፈጻሚው ሲፈልግ የሚከፍተው፣ ሲፈልግ የሚዘጋው በር ግን ቁጥጥር አይባልም።

እጁ ሲረዝም

ወደ ሸዋሮቢት ልመለስ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከታፈሱት ወጣቶች መካከል ወደ ደዴሳ፣ ወደ ዝዋይና ወደ ሸዋሮቢት የተጋዙ ብዙ ነበሩ። የሸዋሮቢት ስም በአዲስ አበባ እናቶች አፍ የገባው በማሾው አልነበረም። ከሌሊቱ ተነስታ ስንቅ ቋጥራ አውቶቡስ የምትሳፈር እናት ነች ያስተማረችን።

ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. የቂሊንጦ እስር ቤት ተቃጠለ። መንግሥት 23 እስረኞች መሞታቸውን አስታወቀ። የተረፉት ወደ ዝዋይና ወደ ሸዋሮቢት ተወሰዱ። ቤተሰብ የልጁን መሞትና መኖር ለማወቅ ለቀናት ከደጅ ደጅ ተንከራተተ። ኋላ 38 ሰዎች በቃጠሎው ተከሰሱ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ በሸዋሮቢት ቃል እንዲሰጡ ድብደባና ስቃይ ተፈጽሞብናል ብለው ለፍርድ ቤት አመለከቱ። ፍርድ ቤቱም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን እንዲያጣራ አዘዘ፤ ኮሚሽኑም ሪፖርቱን አቀረበ።

አንባቢ «ይህ የማረሚያ ቤት ጉዳይ ነው፤ ከመረጃ ተቋም ጋር ምን አገናኘው?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያገናኛቸው መድረሻው ነው። ክትትል በሐሳብ ላይ ሲጀመር፣ ማስረጃው ምንጩ የማይገለጽ ወረቀት ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን መመርመር ሲያቅተው፣ የጎደለውን ማስረጃ የሚሞላው የተጠርጣሪው ቃል ይሆናል። ቃሉ ደግሞ በፈቃድ ካልመጣ በግድ ይፈለጋል። በመሠረቱ ድብደባ የደካማ መረጃ ልጅ ነው። መረጃው ጠንካራ የሆነለት መንግሥት የማንንም ጥፍር አይፈልግም።

እጁ ሲያጥር

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው እንሂድ። መጋቢት 10 ቀን 2013 ዓ.ም. በአጣዬ የተቀሰቀሰው ግጭት በቀናት ውስጥ ወደ ጎረቤት ወረዳዎች ተዛመተ። ብዙ ሰው ሞተ፣ ቤቶች ተቃጠሉ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ። ሟቹ ከአንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ አማራውም ኦሮሞውም ቀብሯል። ሚያዝያ 8 ቀን በዚያችው በአጣዬ እንደገና ተኩስ ተከፈተ፤ የከተማዋም ብዙ ክፍል ወደመ። ሸዋሮቢትም አልቀረላትም። ከዚያ በኋላ ነው አካባቢው በኮማንድ ፖስት ሥር የሆነው።

እስቲ ቀኑን እንቁጠር። ከመጋቢት 10 እስከ ሚያዝያ 8 አራት ሳምንት ነው። አራት እሁድ፣ አራት የሰንበቴ ገበያ። ለመጀመሪያው ጥቃት «ሳይታሰብ መጣብን» ማለት ይቻል ይሆናል። ለሁለተኛው ግን ምን ይባላል? መቼም ዓይን ያስፈለገው ያኔ ነበር። ማን መሣሪያ እንደሚያከፋፍል፣ ማን በአውቶቡስ መናኸሪያውና በገበያው የጥላቻ ወሬ እንደሚዘራ፣ የትኛው መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል ማወቅ የመረጃ ተቋም ዋና ሥራ ነው። የሚጠበቀው የሕገ መንግሥቱ ትልቁ ሀብት ደግሞ የአንቀጽ 15 የሕይወት መብት ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት የተተረተው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ዓይን ማጣት የሚጎዳው ተራውን ሰው ብቻ አይደለም። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳር የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን ተገደሉ። መንግሥት የድርጊቱ መሪ ያላቸው ሰው የክልሉ የሰላምና ደህንነት ቢሮ ኃላፊ ነበሩ። ሚያዝያ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የክልሉ የብልጽግና ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ግርማ የሺጥላ በዚሁ በሰሜን ሸዋ በመንገድ ላይ ተገደሉ። አራት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ለ10 ወር ያህል ቆየ።

እንግዲህ ሁለቱን አንድ ላይ እናድርጋቸው። ተቋም ጆሮውን ሁሉ ወደ ጋዜጠኛው፣ ወደ ተቃዋሚው፣ ወደ ሻይ ቤቱ ወሬ ካዞረ ወደ ጠመንጃው የሚዞር ጆሮ አይተርፈውም። ከዚያም በላይ ሕዝቡ የፈራውን ተቋም አይነግረውም። የሰንበቴ ነጋዴ «ሰሞኑን የማላውቃቸው ሰዎች ጥይት እየገዙ ነው» የሚለውን ወሬ ለማን ይናገር? ነገ ራሱ ተጠርጣሪ ሆኖ ሸዋሮቢት ከሚገባ ዝም ማለትን ይመርጣል። የመረጃ ተቋም ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ የሕዝብ እምነት ነው። እጁ የረዘመ ተቋም እጁ የሚያጥረው ለዚህ ነው።

«ሕገ መንግሥቱን የማይቀበልስ?»

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። በይፋትም ሆነ በመላው አማራ ክልል ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል፣ አልፎም ይቀየር የሚል ሰው ብዙ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው የሚሟገተውን ሕገ መንግሥት የሚጠብቅ ተቋም የእነዚህ ሰዎች ጠላት አይሆንም ወይ?

መልሱ አይሆንም ነው፣ ልዩነቱን ካወቅን። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 104 እና 105 የሚሻሻልበትን መንገድ አስቀምጧል። ስለዚህ አንቀጽ 39 ይውጣ፣ ሰንደቅ ዓላማው ይለወጥ፣ የክልል ወሰን በሌላ መንገድ ይካለል ብሎ መጻፍ፣ መሰብሰብና ለዚህ ፓርቲ ማቋቋም ሕገ መንግሥቱን መጠቀም እንጂ ማፍረስ አይደለም። አደጋ የሚሆነው በጠመንጃ እቀይረዋለሁ የሚለው ነው። በጠመንጃ እንዳይቀየር እጠብቀዋለሁ እያለ ምርጫን የሚያጭበረብር፣ ፍርድ ቤትን የማይሰማ ባለሥልጣንም እኩል አደጋ ነው። ሁለቱንም በአንድ ሚዛን የማይመዝን ተቋም ሚዛኑ ተሰብሯል።

«አገር በጦርነት ላይ እያለች ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉም አሉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ሸዋሮቢት ድረስ ደርሰው እንደነበርና ኅዳር 22 ቀን ከተማዋ በመንግሥት ጦር እጅ እንደተመለሰች አልረሳሁም። አደጋው እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎችም ጦርነት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ለዚህም ነው በአንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም፣ የታሰሩ ሰዎችን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ያዘዙት። ቅንጦት ቢሆን ኖሮ ለክፉ ቀን ባልተጻፈ።

ምን ይደረግ?

በበኩሌ አዲስ ሕገ መንግሥት ሳንጠብቅ ዛሬ ሊደረጉ የሚችሉ አምስት ነገሮች አሉ እላለሁ። አንደኛ፣ ምክር ቤቱ የአንቀጽ 55(7) ሥልጣኑን ይጠቀም። የተቃዋሚና የግል ተመራጮች የሚገኙበት፣ በዝግ የሚሰበሰብ፣ ሳያስታውቅ ማንኛውንም ማቆያ የመጎብኘት ሥልጣን ያለው ኮሚቴ ያቋቁም። ሁለተኛ፣ የሚከታተለው እጅና የሚያስረው እጅ ይለያይ። ሦስተኛ፣ የክትትል ፈቃድ የሚሰጠው ዳኛ የሚፈርም ብቻ ሳይሆን የሚጠይቅ ይሁን፤ ለምን፣ ለስንት ቀን፣ በማን ላይ ብሎ። አራተኛ፣ ምንጩ ያልተገለጸ ሪፖርት ፖሊስን ለማንቃት ይጥቀም እንጂ ሰውን ለመኮነን አይቅረብ። አምስተኛ፣ ተቋሙ ምሥጢሩን ጠብቆ ስለ ሥራው በዓመት አንድ ጊዜ ለሕዝብ የሚነበብ ሪፖርት ያውጣ።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት ነገር ቢኖር ሥልጣን ላይ ያለው ወገን ነገ ከሥልጣን ሊወርድ እንደሚችል ማመኑን ነው። በኢሕአዴግ ዘመን ያዘዙት ብዙዎቹ ኋላ ተከሳሽ ሆነው ቀርበዋል። ዛሬ ለተቃዋሚው የተከለከለ ጠበቃ ነገ ለባለሥልጣኑም አይገኝም።

አባቶቻችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ «በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ ከተሰማ የተነሳው ዱላ እንኳ በአየር ላይ ይቆም ነበር ይላሉ። ያን ቃል ለመናገር ሥልጣን አያስፈልግም፤ ሴት፣ ሕፃን፣ መንገደኛ ሊለው ይችላል። የእኛም የመረጃ ተቋም ሕገ መንግሥቱን ይጠብቃል የምንለው አንድ የሸዋሮቢት ሽንኩርት ነጋዴ «በሕግ አምላክ» ሲለው የሚቆም ሲሆን፣ ዱላ የያዘ ሰው ሲመጣበት ደግሞ ቀድሞ የሚደርስለት ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ቃሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ደህንነት ስንልም ደህና መሆንን ማለታችን ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።